አሥራ አንደኛው ራስ ሽንኩርት

እንድሪያስ «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁልጊዜ አፉን ይይዘው ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሠፈር ያሉ ጎረቤቶቹ «ሣር አድራቂው» ይሉታል፤ እሱም አይቆጣም። የቅጥር ደብዳቤው «የቴክኒክ ረዳት» ይላል፤ ይህ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ስም ያነሰ ነገር ነው የሚናገረው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የሰውየው ሥራ ዕፅዋትን ገድሎ ሳይበሰብሱ ማቆየት ነበር። ከቆላውም ከደጋውም የመጣለትን ቅጠል፣ አበባና ሥር በጋዜጣ መሃል ይዘረጋል፤ ካርቶን ይደርብበታል፤ በሁለት የጣውላ ፍርግርግ መካከል አድርጎ በጠፍር ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ጋዜጣውን በየቀኑ ይለውጣል። ሲደርቅለት በወፍራም ወረቀት ላይ ይሰፋዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገባዋል። እንዲህ የተቀመጠ ቅጠል መቶ ዓመት ይቆያል ይባላል። መቶ ዓመት ቆይቶ ያየ ሰው ባይኖርም እንድሪያስ ያምን ነበር።

የሚሠራባት ክፍል ከአንዲት ትንሽ የምርምር ጣቢያ ጓሮ ነበረች። በመስኮቷ ሩቅ ቁልቁል የጫሞ ውኃ ይታያል። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንቋቋው ክፍሏ የደረቀ ሣርና የእሳት እራት መከላከያ መድኃኒት ትሸታለች። አለቃው ዶክተር ገብረእግዚአብሔር ነበሩ፤ ቀጭን፣ ቸኩለው የሚራመዱ፣ ሰው ላይ ሲቆጡ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ዝግ ብለው ነው የሚቆጡት፤ እንድሪያስ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ክፉኛ የተቆጡት። በዘጠና ሦስት ዓ.ም.፣ እንድሪያስ በተቀጠረ በሁለተኛው ዓመት፣ ከነጭ ሣር በኩል የመጣ ከሥሩ እንደ ሽንኩርት ያለ ራስ ያለው የዱር አበባ እንደሌላው ቅጠል ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልሎ አሰረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እስሩን ሲፈቱት አበባው አልሞተም ነበር። በጨለማው ውስጥ፣ ያ ሁሉ ጣውላና ጠፍር እየተጫነው፣ አቆጥቁጦ ጋዜጣውን ቀዶ ወጥቷል። እርጥበቱ በዙሪያው ያሉትን አርባ ናሙናዎች አሻግቷቸዋል። ሊማሩ የመጡ ተማሪዎች ከበው ቆመዋል። ዶክተሩ ያቺን ገርጣ ያለች ቀንበጥ በሁለት ጣታቸው ከፍ አደረጓትና፣

«እንድሪያስ፣ እኛ እዚህ አትክልተኞች አይደለንም» አሉ። «ራስ ያለው ነገር ሁሉ መጀመሪያ የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል። ይሞታል። ከዚያ ይታሰራል። ይኼን ለመያዝ ስንት ዓመት ትምህርት ይፈልጋል?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እንድሪያስ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ነበርና ነገሩ አጥንቱ ድረስ ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ድስት ከነክዳኗ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠ። ሽንኩርት መሰል ነገር በእጁ ሲገባ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ፣ ውኃ ይጥዳል። ዓመት ካመት እንዲህ ሲሠራ እጁ ለመደው። እጅ አንዴ ከለመደ ደግሞ ባለቤቱን አያማክርም።

እንድሪያስ የተወለደው ጋሌ ነው። ጋሌ ከካምባ ከተማ ሽቅብ ግማሽ ቀን በእግር የምታስኬድ፣ ጉም ከጠዋት እስከ ረፋድ የማይለቃት የጋሞ ደጋ መንደር ናት። ከመንደሩ ራስ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ሜዳ አለ፤ ዱቡሻ ይሉታል። ሽማግሌዎች የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ሟች የሚለቀስበት ቦታ ነው። ዱቡሻ አይታረስም፤ ብረት አያርፍበትም፤ ከመሬቱ ምንም አይነቀልም። የዱቡሻን አፈር የደፈረ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ጎሜ ማለት ያጠፋው ጥፋት ተመልሶ በልጁ፣ በከብቱ ወይም በዝናቡ ላይ መውረዱ ነው። የጋሌ ሰው ለቅዱስ ገብርኤል ይሳላል፣ ይጾማል፣ ይቆርባል፤ ጎሜንም ይፈራል። ሁለቱን የሚያጣላ ነገር አይቶ አያውቅም።

በዚያ ሜዳ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ በድንጋዮቹ መሃል፣ አንድ የዱር ሽንኩርት ይበቅል ነበር። ቅጠሉ እንደ ሣር ቀጭን ነው። በመስቀል ሰሞን ወይን ጠጅ አበባ ያወጣና አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። በጣት ሲያሹት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። የትም ሌላ ቦታ አይገኝም። የጋሌ ሰዎች ግን ይኼ አላስደነቃቸውም፤ የዱቡሻ ሽንኩርት ዱቡሻ ላይ ካልበቀለ የት ሊበቅል ነው?

የእንድሪያስ እናት ልክነሽ ስለዚህ ሽንኩርት አንድ ታሪክ ነበራት፤ ደጋግማ የማታወራው። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን እንሰቱ በበሽታ አልቆ፣ ገብሱ በውርጭ ተመትቶ፣ ጋሌ ሥራ ሥር እየማሰ ይበላ ነበር። የእንድሪያስ ታናሽ እህት ውቢት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ልክነሽ ጡቷ ደርቋል። አንድ ቀን ሕፃኗን አዝላ ዱቡሻ ድረስ ወጣች፤ ድንጋዮቹ መሃል ተንበረከከች፤ አበቦቹን አየቻቸው። ከዚያ ተነሥታ ባዶ እጇን ወረደች። ውቢት በሳምንቱ ሞተች፤ ለቅሶዋም እዚያው ዱቡሻ ላይ ሆነ። «ሦስት ራስ ሽንኩርት ልጅ አያድንም» ትላለች ልክነሽ፣ ስታወራው። ግን ያኔ በፊቷ የነበሩት ሦስት እንደሆኑ ቆጥራቸዋለች።

በዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም. መስቀል፣ እንድሪያስ እንደ ማንኛውም የጋሞ ሰው በዓሉን አገሩ ሊያከብር ወጥቶ ሲመለስ፣ አንዲት አበባ ከነአገዳዋ ቀጥፎ በደብተር መሃል ይዞ መጣ። መቅጠፍ አልተከለከለም፤ መንቀል ነው የተከለከለው። ያመጣትም እንዲሁ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የአገሩ ነገር እንዲኖር ብሎ ነው። ዶክተር ገብረእግዚአብሔር በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብለው አዩዋት። ቆዩ። መጽሐፍ አወጡ፣ ሌላ አወጡ። ያን ቀን ምሳቸውን ረሱ።

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከአገሬ ነው ዶክተር። ብዙም አይደለም፤ ሃምሳ ቢሆን ነው።»

«ይኼ ነገር ስም የለውም» አሉ ዶክተሩ። ሰውየው ሲደሰቱም እንደ ቁጣቸው ዝግ ብለው ነበር። «በዓለም ላይ ማንም አልጻፈውም። የሽንኩርቱ ራስ ከሌለን ግን ምንም ልናደርግ አንችልም። ከዘመዶቹ የሚለየው የዚያ ራስ ቆዳ ነው። አሥር ሙሉ ናሙና ያስፈልገኛል፤ ለኛ፣ ለአዲስ አበባ፣ የቀረው ለውጭ አገር።»

እንድሪያስ ዱቡሻ እንደማይቆፈር አስረዳ። ዶክተሩ አዳምጠው ሲያበቁ ሁሉንም ያመጣችውን ያችን ቃል ተናገሩ። «ስም ያለው ነገር ይታጠራል። ጽሑፉ ሲወጣ እኔ ራሴ ለወረዳው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ያ ሜዳ ዛሬ ሽማግሌዎች ቢጠብቁት ነገ ማን ይጠብቀዋል?»

ነገሩ እውነት ነበር፤ ከእውነትም ክፉው። ጋሌ ውስጥ መሬት ጠቧል፤ ወጣቱ ዱቡሻን በዓይኑ መለካት ጀምሯል። እንድሪያስ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንን ሲያብላላ ከርሞ በሁለት ሺሕ ዓ.ም. መስቀል ለእናቱ ነገራት። በማግሥቱ ልክነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለለቅሶ እንደሚሄድ ሰው፣ የዱቡሻው ታላቅ ወደሆኑት ወደ አባባ አበጋዝ ቤት ሄደች። ለልጇ ዋስ ሆነች። በረሃብ ያልነካችውን ነገር ለስም አስፈቀደችለት።

አባባ አበጋዝ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበሩ። ፈቃዳቸው አጭር ነበር።

«በእንጨት ቆፍር። አሥር ውሰድ። አሥራ አንደኛውንም አውጣ፤ እሱን ግን ትመልሰዋለህ። ከዱቡሻ የወጣ ነገር አንዱ ካልተመለሰ ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ሸንጎው የሚቀመጠው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው፤ ያወጣው እጅ በሰው ፊት መልሶ ይቅበረው።»

«እሺ አባባ።»

«እሺ አትበለኝ። እናትህን ነው ያስያዝከኝ።»

እንድሪያስ በሹል እንጨት ቆፈረ። አሥሩን በአንድ ጋዜጣ ጠቀለለ። አሥራ አንደኛውን ከነአፈሩ በእንሰት ቅጠል ለብቻው ቋጠረ፤ በእንሰት ቃጫም አሰረው፤ እንዳይረሳ። ካምባ ድረስ በእግር፣ ከካምባ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጦ አርባ ምንጭ ገባ። መንገዱ ሲያንገላታው ውሎ ነበርና ሰውነቱ ዝሏል። ከታችኛው ሠፈር ከሲቀላ ሚኒባስ ይዞ ሴቻ ወጣ፤ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄደ። ናሙና አያድርም።

ውኃውን ጣደ። ጥቅሎቹን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ አፈራቸውን አጥቦ ቁጥር ሊሰጣቸው። የእንሰት ቅጠሉንም ፈታው፤ ሥሩ ደርቆ እንደሆነ ሊያይና ውኃ ሊረጭበት ብሎ ነው። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። ዶክተሩ ናቸው፤ ለስብሰባ አዲስ አበባ ናቸው።

«አገኘህ?»

«አግኝቻለሁ ዶክተር።»

«አደራህን ቀቅላቸው። እንደዚያ ዓመት እንዳታደርገኝ።»

እንደዚያ ዓመት። የተማሪዎቹ ሳቅ በጆሮው መጣበት። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ «እሺ ዶክተር፣ አሁኑኑ» እያለ፣ በቀኝ እጁ አንድ በአንድ ያነሣና አበባቸውን ከላይ ይዞ ራሳቸውን የፈላው ውኃ ውስጥ ይነክራቸዋል። ሃያ እየቆጠረ ያወጣል። የሚቀጥለውን ያነሣል። ዶክተሩ ስለ ቁጥር አሰጣጥ፣ ስለ ቀን አጻጻፍ ይናገራሉ። ስልኩ ሲዘጋ ጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ፎጣ ላይ የተደረደሩትን ቆጠራቸው። አሥራ አንድ ናቸው።

ደግሞ ቆጠረ። የእንሰት ቅጠሉን አነሣና ገለበጠው፤ ባዶ ነው። አሥራ አንደኛውን በጣቱ ጫን ሲለው ለስልሶ ገባ። እንድሪያስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የደነገጠ ሰው ይጮኻል ይባላል፤ እሱ ግን ተነሥቶ ያደረገው ነገር ቢኖር አሥራ አንዱንም በየጋዜጣቸው ዘርግቶ ጠፍሩን ማጥበቅ ነበር። ሥራው ነዋ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፋቸው እሱ ራሱ አያውቅም። ለአባባ አበጋዝ ልንገራቸው ይልና የእናቱ ፊት ይመጣበታል። ዋስ ናት። በሸንጎው ፊት ተነሥታ የምትቆመው እሷ ናት። ሄዶ ሌላ አንድ እንዳይነቅል ያለ ፈቃድ ዱቡሻን ሊነካ አይችልም፤ ስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም የጋሌ ልጅ ነው፤ ጎሜን ይፈራል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ወረደና ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች ክምር ላይ ቀጠን ያለች፣ ጫፏ ያቆጠቆጠ፣ አንዲት ራስ ቀይ ሽንኩርት መረጠ። ሻጯ «አንድ ብቻ? ምን ልትሆንህ ነው?» ብላ ስቃ ምርቃት አድርጋ ሰጠችው።

ያችን ሽንኩርት በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ፣ በዚያው ቃጫ አስሮ፣ ጋሌ ይዟት ወጣ። በሸንጎው ፊት፣ እናቱ አጠገቡ ቆማ፣ በገዛ እጁ ጉድጓዱ ውስጥ ከተታትና አፈር መለሰባት። አባባ አበጋዝ በአንድ ዓይናቸው አዩት። «እጅህ ይባረክ፤ ያወጣ መላሽ» አሉ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ። ልክነሽ ድንጋይ ለቅማ በዙሪያው ደረደረች፤ ከብት እንዳይረግጠውም እሾህ አጠረችበት። ደስ ብሏት ነበር፤ እንድሪያስ ያን ደስታ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም።

አባባ አበጋዝ በዓመቱ ሞቱ። እንድሪያስ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ልቡ ትንሽ እንደቀለለው ለራሱ አልደበቀም፤ ስለዚህም ራሱን ጠላ።

ጽሑፉ ግን ቶሎ አልወጣም። ከናሙናዎቹ ገሚሶቹ ባሕር ተሻገሩ፤ ከሌሎች አገሮች ሽንኩርቶች ጋር ተመሳከሩ፤ ተመለሱ። አንዱ ምሁር ይኼ ይጨመር አለ፣ ሌላው ይኼ ይውጣ አለ። ዶክተሩ አሥራ አንደኛውን ሲያዩ «አንድ ትርፍ አምጥተህልኛል፤ ጎበዝ!» ብለው ትከሻውን መቱት። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ትከሻው ላይ አለ። በየመስቀሉ ጋሌ ይወጣል፤ በየመስቀሉ ልክነሽ እጁን ይዛ ዱቡሻ ትወስደዋለች።

«ያንተው ወለደ!» ትለዋለች። «ሌሎቹ እንደነበሩ ናቸው፤ ያንተ ግን ሦስት ሆነ። እጅህ ለም ነው።»

የገበያ ሽንኩርት ነውና ይወልዳል። ዓይኗ በሞራ እየተሸፈነ ስለነበር ቅጠሉ ከሌሎቹ መወፈሩን አታይም። በሁለተኛው ዓመት ሊነግራት አፉን ከፈተ። «እማዬ» አለ። «ወይ» አለች። ከዚያ «ብርድ ነው፤ እንውረድ» አላት። ከዚያ በኋላ ደግሞ መንገር እየከበደ እንጂ እየቀለለ አልሄደም።

በሁለት ሺሕ ሦስት ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጽሑፉ ወጣ። ዶክተር ገብረእግዚአብሔር እንድሪያስን ጠርተው ወረቀቱን ሰጡት። ጣታቸውን ከአንዲት መስመር ሥር አደረጉ። አሁን እንግዲህ የዱቡሻው ሽንኩርት ስም ነበረው፤ ስሙም የልክነሽ ነበር። «ያለ እሷ ፈቃድ አናገኘውም ነበር ብለኸኝ አልነበር?» አሉ። ከሥሩ ሰብሳቢው እንድሪያስ መሆኑ፣ ቀኑና የሜዳው ስም ተጽፏል። ቃላቸውንም አልበሉም፤ ለወረዳው የሚሰጥ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አዘጋጅተው ነበር። እንድሪያስ የእናቱን ስም በዚያ በማያነበው ቋንቋ መሃል ሲያየው እንባው መጣ። ያኔ ወሰነ። በዚህ መስቀል ስሙን ይነግራታል፤ በዚያው የቀረውንም ይነግራታል። አርባ የሚሆኑት እዚያው አሉ፤ አጥሩ ይሠራል፤ ፈቃድ ጠይቆ አንዱን ወደ ትክክለኛው ጉድጓድ ይመልሳል። ውሸቱ ዘግይቶም ቢሆን ይቃናል ብሎ አሰበ።

ካምባ ሲደርስ ደብዳቤውን ለአንድ የወረዳ ሹም ሰጠ። ሹሙ በአክብሮት ተቀበለው፣ መዝገብ ላይ አሰፈረው፣ «በጎ ሥራ ነው» አለው። ጋሌ ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል። እናቱ ቤት ሳይገባ ሽቅብ ወጣ።

ሜዳው የለም። ሣሩ ተገልብጦ፣ አፈሩ ጠቁሮ፣ በየአራት እርምጃው የአፕል ችግኝ በመስመር ቆሟል፤ በመሃል በመሃሉ ድንች አብቧል። የምሥራቁ ድንጋዮች ተነቅለው አጥር ሆነዋል። እንድሪያስ ተንበረከከ። እጁን አፈሩ ውስጥ እየከተተ፣ ከድንች ሥር፣ ከአጥሩ ሥር፣ እስኪመሽ ድረስ ፈለገ። አንድም ወይን ጠጅ አበባ አልነበረም። እዚያው አድሮ በነጋታውም ፈለገ። ችግኙን የሚጠብቁት ወጣቶች መጀመሪያ ሌባ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ሲነግራቸው አዘኑለት። ሥራ ሥሩን ከነሣሩ አራግፈው፣ አድርቀው፣ ክምሩን በእሳት እንዳቃጠሉት ነገሩት። በሰኔ ነበር፤ ተደራጅተው መሬቱ የተሰጣቸው።

ልክነሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን ከብርሃንና ከጥላ በቀር የምታየው የለም። ሲመጣ በእርምጃው አወቀችው።

«ከትናንት ጀምሮ እዚያ እንደሆንክ ሰምቻለሁ» አለችው። «ና፣ ቁጭ በል። አፈር አፈር ትሸታለህ።»

«አልቋል እማዬ።»

«አላለቀም።»

እንድሪያስ ቀና አለ። ልክነሽ ፊቷ ላይ ያቺ የዛሬ አራት ዓመቷ ደስታ ነበረች።

«መሬቱ ሊገለበጥ ነው ሲሉኝ ሄድኩ። ለመንኳቸው። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ እስከ ቀትር ጠብቀውኛል። ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሌሎቹ ያልተፈቀዱ ናቸው፤ አባባ አበጋዝም የሉ፤ እኔ በምን ሥልጣን እነካቸዋለሁ? ያንተ ግን ወጥቶ የተመለሰ ነው። ፈቃዱ አለበት። እሾሁን በእጄ ዳብሼ አገኘሁትና በእንጨት አወጣሁት። ናማ!»

ክንዱን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችው። ከእንሰቱ ጥላ ሥር፣ በእሾህ የታጠረች፣ ክንድ የማትሞላ መደብ ነበረች። ቅጠሉ ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ጤነኛ ነው። ልክነሽ ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ቆጠረች። «ሰባት ወልዷል። አንዱን ለዶክተርህ ውሰድለት። ስሙን አወጡለት?»

እንድሪያስ ስሙን ነገራት። ስሟን በሽንኩርቱ ላይ ስትሰማ እጇ ቅጠሉ ላይ እንዳለ ቀረ፤ «የኔን?» አለች፤ እንደ ልጃገረድ ሳቀች። ከዚያ እሱ የቀረውን ነገራት። ድስቱን ነገራት። ስልኩን፣ ፎጣውን፣ የሲቀላዋን ሻጭ ነገራት። ቆሞ ነው የነገራት፤ መቀመጥ አልቻለም።

«ቀቀልከው» አለች።

«ቀቀልኩት።»

«ቀቅለህ እንኳ አልበላኸውም።»

ልክነሽ ከቅጠሉ አንዱን ቀነጠበች፣ በጣቶቿ መሃል አሸችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው።

«ሽታው ትንሽ ተለውጦብኝ ነበር» አለች። «የጓሮ አፈር ለውጦት ነው አልኩ።» ከዚያ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ ቁጣም ሳይኖርበት፣ እህል ስለመሸመት እንደምታወራ ሁሉ፣ «ብትነግረኝ ኖሮ ሌላውን አነሣ ነበር» አለችው። «ጎሜውን ተሸክሜ አነሣው ነበር። እስከ ቀትር ጊዜ ሰጥተውኝ ነበር እኮ። አጠገቡ ነበሩ። ስቆፍር እጄን ይነኩኝ ነበር።»

እንድሪያስ መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቱ በውቢት ለቅሶ ቀን እንዳያት ነበረች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። እጁን ልትነካው ዘረጋችና ትከሻውን አገኘች፤ አላቀፈችውም፣ አልገፋችውምም። እንዲሁ ትከሻው ላይ ተደግፋ ጎንበስ አለችና ሰባቱንም አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። አፈራቸውን አራገፈች። ከመደቡ ዙሪያ የነበረውን እሾህ ሰብስባ ለማገዶ ወደ ጎን አደረገችው።

ሽንኩርቱን እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

«ጎመን ጥጄያለሁ» አለችው። «ላጠው።»